ቅቤ የማይረጋበት ቤት

ጋሽ ድንበሩ አረፉ ተብሎ ሲደወልልኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ለሰው የሚነገር አልነበረም። «ወይኔ፣ እዚያ ቤት ሦስት ቀን ልቀመጥ ነው!» አልኩ። ኀዘኑ የመጣው ቆይቶ፣ ሁለተኛውን ሹራብ ስደርብ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። የከተማችን ቤቶች በብርድ ቢወዳደሩ ደግሞ አንደኛ የሚወጣው ያለ ጥርጥር የጋሽ ድንበሩ ቤት ነበር፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት እንዴት እንደሚሞቅ ሲያስተምሩ የኖሩት የጋሽ ድንበሩ። ሳሎናቸው በምሥራቅ በኩል የግድግዳውን እኩሌታ የሚያህል መስኮት አለው። ከአንኮበር ገደል ተነሥቶ ሜዳውን የሚያቋርጠው ነፋስ ከተማ ሲገባ መጀመሪያ የሚያንኳኳው ያንን መስኮት ነው፤ አንኳኩቶም አይመለስ፣ በክፈፉ ስንጥቅ ይገባል። ለቅሶው ላይ ሁላችንም ጋቢያችንን እስከ አፍንጫችን ስበን ተደርድረን ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ የሰፈሩ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ከኛስ እሳቸው ሳይሻሉ አይቀሩም፤ አፈር ይሞቃል» አሉኝ።

ሳቄን በጋቢዬ ሸፈንኩ። ሰው ያለቀስኩ መሰለው።

ጋሽ ድንበሩ የቤት ነዳፊ ነበሩ። መሐንዲስ ሲሏቸው ይቆጣሉ። «መሐንዲስ የሚጨነቀው ቤቱ ወድቆ ሰው እንዳይገድል ነው፤ እኔ የምጨነቀው ቆሞ እንዳይገድል ነው» ይላሉ። የአንኮበር የቄስ ልጅ ናቸው። አባታቸው ዜማ እንዲማሩ ቢሰጧቸው፣ እሳቸው አንጋጠው የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ማገር ሲቆጥሩ ዜማው አመለጣቸው። ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ከዘራ ከእጃቸው አይለይም፤ የሚደገፉበት ግን አይደለም፣ መሬት ላይ የሚነድፉበት ነው። የሰው ቤት ሲገቡ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋሉ፤ ልክ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ግንባር እንደሚነካ ሰው። ከዚያ «ታሟል» ወይም «ደኅና ነው» ብለው ይቀመጣሉ። የሰው ሠርግ ላይ ሳይቀር ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ። ሙሽራው ራሱ የታመመ መስሎት ደንግጦ ነበር።

ያገናኘን ከዛሬ ስምንት ዓመት በፊት የነበረ ፕሮጀክት ነው። ከአንኮበር ከፍ ብላ አፋፉ ላይ በተቀመጠች አንዲት መንደር፣ ክረምቱ መሬቱን አንሸራትቶ ቤት ላፈረሰባቸው ሰዎች «ሞዴል ቤት» ይሠራል። እኔ ሪፖርት ጸሐፊ ነበርኩ። ብዙ መጽሐፍ አንብቧል ተብዬ ተቀጠርኩ፤ ሥራዬ ግን «በመጠናቀቅ ላይ ይገኛል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሳይሰለቸኝ መጻፍ ብቻ ነበር። ንድፉ ከአዲስ አበባ ተሠርቶ የመጣ ነው፦ የሲሚንቶ ወለል፣ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ፊት ለፊት ትልቅ መስኮት። የተሠሩት አራት ቤቶች ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው እንደ ተማሪ ተሰለፉ፤ ጎብኚ ሲመጣ ከመኪናው ሳይወርድ ፎቶ ማንሳት አለበትና። መንገዱ ደግሞ የሚያልፈው በገደሉ በኩል ነው። ገደሉ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ነፋስ ያመርታል፤ በዓል አያውቅም።

ጋሽ ድንበሩ የመጡት አምስተኛውን ቤት እንዲቆጣጠሩ ነበር። በመጀመሪያው ቀን መንደርተኛውን የጠየቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው። «ሽማግሌዎቹ ጠዋት የት ነው ፀሐይ የሚሞቁት? ውሻውስ የት ይተኛል?»

ስለ አባቶቻችን የጎጆ ጥበብ ሊሰብኩኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ጠበቅኳቸው። በአገራችን ሰው ሃምሳ ሲሞላው ወይ ስኳር ይይዘዋል፣ ወይ የአባቶች ጥበብ። እሳቸው ግን መልሴን ከአፌ ነጠቁኝ።

«የድሮው ቤት ይሞቅ ነበር ይላሉ» አሉ። «አዎ፣ ይሞቃል። አባቶቻችንም እዚያ ውስጥ እንደ ቋንጣ ይጨሱ ነበር። እስቲ ዓይኗ ደኅና የሆነ አሮጊት አሳየኝ።»

«ታዲያ አዲሱ ይሻላል ማለትዎ ነው?»

«አዲሱን ገና አላየሁትም። ሪፖርትህ ምን ይላል?»

ሪፖርቴ «ተጠቃሚዎቹ በአዲሶቹ ቤቶች ተደስተው በመኖር ላይ ይገኛሉ» ይል ነበር። የጻፍኩት ደብረ ብርሃን፣ ማሞቂያ ያለው ቢሮ ውስጥ ነው። ጋሽ ድንበሩ ወረቀቱን ይዘው የመጀመሪያውን ቤት በር ገፉት። ውስጥ አንድ ጥጃ ተኝቷል። ሁለተኛው ቤት ድንች ተከምሮበታል። በሦስተኛውና በአራተኛው ገለባ። ባለቤቶቹ ከኋላ በቀለሷት ጭስ በጠገበች ማድቤት ውስጥ ነው የሚያድሩት። ጎብኚ ይመጣል ሲባል ጥጃው ይወጣል፣ አልጋው ይገባል፣ አልጋ ልብሱ ይነጠፋል፤ ጎብኚው ሲሄድ አልጋው ይወጣል፣ ጥጃው ይገባል። በነጻ የተሠራለትን ቤት «ይበርደኛል» ብሎ ማማረር ነውር ስለሆነ መንደሩ በሙሉ ለይሉኝታ ሲል ዕቃ ሲያመላልስ ከርሟል።

ጋሽ ድንበሩ ጥጃው ፊት ቆመው ባርኔጣቸውን አነሱ። «የተከበርክ ተጠቃሚ» አሉት፣ «ሪፖርቱ ተደስተሃል ይላል። እውነት ነው?»

ጥጃው አስነጠሰ።

«ጻፍ!» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «ተጠቃሚው በርዶታል።»

አምስተኛው ቤት የሚሠራላት ሴት እትዬ ስንዱ ትባላለች። ባሏ ሞቶባታል፣ ቤቷን መሬት ወስዶባታል፤ ምላሷን ግን ማንም አልወሰደባትም። ዘመድ ቤት፣ እህል ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ተጠግታ ነበር። አንድ ልጅ አለቻት፤ ማዶ መንደር ያገባች፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች፣ ለገና ሰሞን የምትጠበቅ። በአገሩ ወግ ሴት የበኩር ልጇን ስትወልድ የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው። መውለዱ አሁን አሁን ጤና ጣቢያ ሆኗል፤ አራስነቱ ግን ዛሬም የእናት ነው። ይህን ያላደረገች እናት በሰው ፊት ምን እንደምትባል መንደሩ ያውቃል። የልጅቱ አማት ደግሞ «ስንዱ ቤት ከሌላት አትጨነቅ፣ እኛ እናርሳታለን» ብላ ልካባታለች።

«ደግነቷ ነው የገደለኝ» አለች እትዬ ስንዱ። «ብትሰድበኝማ እመልስላት ነበር።» ከዚያ ወደ ጋሽ ድንበሩ ዞረች። «እርስዎ ጋሽዬ፣ እንደነዚያ ያለ የጥጃ ቤት ከሆነ የሚሠሩልኝ፣ ይቅርብኝ። ጥጃ የለኝም። አራስ ነው የማስገባበት።»

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዚያች መንደር አንዲት አራስ ሕፃኗን ብርድ ነጥቋታል። ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ማንም ስሟን አልጠራም። ጋሽ ድንበሩ፣ «የሚረጋበት ቤት አልሰጥሽም» አሉ።

«ምኑ የሚረጋበት?»

«ቅቤው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮጀክቱ ቴርሞሜትር ሰጥቷቸዋል፤ ቁጥሩንም በየቀኑ ይመዘግቡታል። «ይህ ለኃላፊው ነው» ይላሉ። ለሰው የሚሆነውን መለኪያ ግን በሻይ ቅጠል ጣሳ ይዘውት ይዞራሉ። ማታ የለጋ ቅቤ ቁራጭ በሳህን አድርገው ቤቱ ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ ጠዋት በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል። ጣት ከሰመጠ ሰው ይኖርበታል፤ ካልሰመጠ በር ያለው መቃብር ነው። አራቱንም ቤቶች በዚህ ፈትነው ነበር። ቅቤው በሁሉም ድንጋይ ሆኖ አደረ።

ከዚያ የእትዬ ስንዱን ቤት በከዘራቸው መሬት ላይ ነደፉት። ጀርባውን ለገደሉና ለመንገዱ ሰጡት፤ በዚያ በኩል መስኮት የሚባል የለም፣ ወደፊት ላሞች ሲኖሯት በረቱ እዚያ ተለጥፎ ነፋሱን ይቀበልላታል። በሩንና መስኮቱን ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ወደሚሞቁበት ወደ ደቡብ አዞሩት። ግድግዳው ሁለት ድርብ የድንጋይ ግንብ ነው፣ መሃሉ ገለባ፤ ለአይጥ ብለው አመድ ቀላቀሉበት። ከቆርቆሮው በታች በጭቃ የተመረገ የቀርከሃ ኮርኒስ፣ በላዩ ጓሳ ሣር። ምድጃውን ከመኝታው ጋር በሚዋሰነው ግንብ ሥር አስቀምጠው ጭሱን በቱቦ አስወጡት፤ አልጋው ከግንቡ ወዲያ ማዶ ነው። ጣሪያውን ከአዲስ አበባ፣ ሣሩን ከአባቶች፣ ቱቦውን ደሴ መንገድ ላይ ካዩት ሻይ ቤት ወስደዋል። «ሰርቄ ነው የምነድፈው» ይሉ ነበር ያለ ሐፍረት።

መንደርተኛው ቤቱን አይቶ ስም አወጣለት፦ «ያኮረፈችው ቤት»። አራቱ መንገዱን እያዩ ይህች ለብቻዋ ጀርባዋን ሰጥታለቻ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ መጥቶ ከመኪናው ሳይወርድ ፊቱ ጠቆረ።

«ጋሽ ድንበሩ፣ ቤቱ ምን አድርገነው ነው ጀርባውን የሰጠን?»

«በርዶት ነው።»

«እንግዳ ሲመጣ ምን ያያል?»

«ዞሮ ይያ። እግር የለውም?»

እኔ በልቤ የተስማማሁት ከኃላፊው ጋር ነበር። ይህን የምጽፈው አሁን ብልህ መስዬ እንዳልታይ ነው። ዕይታ የሌለው ቤት ምን ቤት ነው እያልኩ አስብ ነበር፤ ዕይታ የሚያስፈልገው ለማን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም።

ታኅሣሥ ሲገባ ቤቱ አለቀ። ጋሽ ድንበሩ ማታ ቅቤያቸውን አስቀመጡ። ጠዋት ውርጩን እየረገጥን ስንደርስ እትዬ ስንዱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጣታቸውን ጫኑት። አልሰመጠም። እንደገና ጫኑት፤ ሳህኑ ተንሸራተተ እንጂ ቅቤው አልነካም አለ። እትዬ ስንዱን ዝም ስትል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ድንበሩ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ቆዩ። «እርጥብ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ልጅቱ እንዳትቀድመን ብዬ ቸኮልኩ። አዲስ ግንብ የጠጣውን ውኃ እስኪተፋ ብርድ ነው የሚያመነጨው። ይህ ቤት ራሱ አራስ ነው፤ ሁለት ሳምንት እሳት ሳይጠፋበት መታረስ አለበት።»

«ጋሽዬ፣ እኔ አውድማ ላይ ነኝ። ገብሱን ማን ይወቃልኛል? ማንስ ነው ቁጭ ብሎ እሳት የሚጠብቀው?» አለች እትዬ ስንዱ።

እንደሚመስለኝ በዚያን ሰዓት መፍትሔውን ሁላችንም አውቀነዋል፤ መናገር የፈራነው እሳቸው ስለሚሰሙ ነው። በማግስቱ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው ሰው ፍራሻቸውንና ሁለት ጋቢ ይዘው ያኮረፈችው ቤት ውስጥ ገቡ።

የመንደሩ ሴቶች እንዲህ ያለ ሲሳይ አግኝተው አያውቁም። በሦስተኛው ቀን በሩ ተገፍቶ ሁለት ጎረቤቶች ገንፎ ይዘው ገቡ።

«እንኳን ማርያም ማረችዎ ጋሽ ድንበሩ!»

«ምን ወለድኩና?»

«ቤት ነዋ! ስንት እልል እንበልልዎ? ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ናት» አሉ እንጨቱን እየቆሰቆሱ። «አኩርፋለች።»

ከዚያ በኋላ አራስ ጠያቂው በዛ። ቅቤ ያለበት ገንፎ አምጥተው «የነቢያት ጾም ነው» ሲሉ፣ «አራስ አይጾምም፣ ይብሉ!» እያሉ አሳደዷቸው፤ በኋላ በተልባ ተስማሙ። አንዷ «ብቻዎን ወደ ውጭ እንዳይወጡ» ብላ የብረት ቁራጭ ራስጌያቸው አስቀመጠችላቸው። እሳቸው እየሳቁ ከራስጌያቸው አላነሱትም። በየቀኑ ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። እኔ እየተመላለስኩ አያቸው ነበር፤ አንድ ቀን ከፈተናው ውጤት በፊት ብቻቸውን ሳገኛቸው ሳቁን ትተው፣ «ልጅቱ ብትቀድመኝ፣ ቤቱ ሞቋል ብዬ ዋሽቼ እንዳላስገባት ነው የምፈራው» አሉኝ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ውጭ የውኃ ጠብታ የመንደሩ ቧንቧ አፍ ላይ በረዶ ሆኖ በተንጠለጠለበት ጠዋት፣ ሳህኑን ለእትዬ ስንዱ አቀበሏት። «አንቺ ፈትኚው» አሉ። አውራ ጣቷን ጫነች። ጣቷ እስከ ሳህኑ ገባ።

አላመሰገነችም። ጣቷን አውጥታ እያየች፣ «ወደ ልጄ አማት ላኩልኝ» አለች። «ስንዱ ቤት አላት በሏት።»

ልጅቱ ከጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ታቅፋ ለገና ዋዜማ ገባች። አርባ ቀን ታረሰች። የቀሩት ቤቶች ኮርኒስ ተሠራላቸው፣ መስኮታቸው ጠበበ፤ ሦስቱ ሰው ገባባቸው። አራተኛውን ጥጃው አልለቅም አለ።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው በዚያ መስኮት ፊት የኖሩት። አንድ ፋሲካ ምሳ ጋብዘውኝ ዶሮ ወጡ ከሳህኑ ወደ አፌ እስኪደርስ ሲቀዘቅዝብኝ፣ «ጋሽዬ፣ ይህን መስኮት ለምን አይደፍኑትም?» አልኳቸው። ሚስታቸው ወዳሉበት ጓዳ አየት አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ። «አሰገደች ብርሃን ትወዳለች። ለሷ ስል ነው የምበርደው።»

ይህ ነገር እንዴት እንደነካኝ! እኔ በቀላሉ የሚነካ ሰው አይደለሁም። ሁለት ሠርግ ላይ ለሙሽሮች ምክር አድርጌ ተናግሬዋለሁ፤ አንዲት የሙሽራ አክስት አልቅሳለች።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን እትዬ ስንዱ ከአንኮበር በላይ ከልጇና ከሰባት ዓመቷ የልጅ ልጇ ጋር ወረደች። በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛለች። ገብታ አልቅሳ፣ ተቀምጣ፣ ትንሽ ቆይታ ተነሣችና መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጠፈች።

«ታሟል» አለች። «የማነው ይህ መስኮት?»

እኔ የማውቀውን ላካፍል ብዬ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። «ጋሽ ድንበሩ ለእማማ አሰገደች ሲሉ ነው የተዉት። እማማ ብርሃን ስለሚወዱ...»

እማማ አሰገደች፣ የጋሽ ድንበሩ ባለቤት፣ ከተሸፈኑበት ነጠላ ውስጥ ቀና አሉ። «ብርሃን? እኔ?» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ ድፈነው እያልኩ ስለምነው አይደል የኖርኩት! በወጣትነቱ ከመጽሔት አይቶ ሠራው። ሰው ሁሉ አደነቀለት። ከዚያ ተሳሳትኩ ማለት አቃተው። ነገ ይለኛል፣ ከፋሲካ በኋላ ይለኛል። ለኔ ሲል ነው አለህ?»

«አዎ» አልኩ።

«ውሸታም!» አሉ ሟቹን፤ አፋቸው ግን ጫፉ ላይ ፈገግ ሊል ሲታገል አየሁት።

መስኮቱ በሳምንቱ ተደፈነ። የሰፈሩ ግንበኛ ድርብ አድርጎ በድንጋይ ገነባው፣ መሃሉን ገለባና አመድ ሞላው፣ በጭቃ መረገው። እትዬ ስንዱ ልጇንና የልጅ ልጇን ወደ አገር ሰዳ እሷ ቀረች። «አዲስ ግንብ ይታረሳል» አለች። «የኔን አርሰውልኛል፣ እኔም ብድሬን እመልሳለሁ።» ሁለቱ ሴቶች አሥራ አምስት ቀን ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው እሳት ጠበቁ። ስመላለስ ሟቹን ሲያሙ ነው የማገኛቸው። እንዲህ የታማ ሰው በደብረ ብርሃን ያለ አይመስለኝም።

በአሥራ ስድስተኛው ጠዋት ስደርስ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እማማ አሰገደች አንገታቸውን ቀልሰው ቆመዋል። ለቅሶው ሁሉ ሲያልፍ ዓይናቸው ደርቆ ነው የከረመው፤ ሰውም ይህን አስተውሎ ያጉረመርም ነበር። አውራ ጣታቸውን ጫኑ። ሰመጠ።

«አርባ ዓመት!» አሉ። «አርባ ዓመት፣ አንተ ሰውዬ! ይቻል ነበር ለካ!»

ከዚያ አለቀሱ፤ ለሦስት ሳምንት ያላለቀሱትን ሁሉ። ጣታቸው ላይ የቀረውን ቅቤ የሚያደርጉበት ጠፋቸው፤ ኀዘን ላይ ያለች ሴት ራሷን አትቀባም። ዞር ብለው አዩና፣ መስኮቱ በነበረበት ምርጊት ላይ፣ የሕፃን አናት እንደሚቀባ ሰው ቀስ አድርገው አሹት።